ጭራቁን ለመጨበጥ የተሰለፉ ሰዎች

ለመሆኑ ሰው የሚያስፈራውን ነገር ይሸሻል ወይስ ተራ ጠብቆ፣ ገንዘብ ከፍሎ ይጨብጠዋል? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት በሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ቤት በእንግድነት በሰነበትኩበት ጊዜ ይኸው ጥያቄ ከራት ገበታ ላይ ተነስቶ ቤተሰቡን ለሁለት ሲከፍል አይቻለሁ። የ16 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ሱቅ እየሠራ ያጠራቀማትን ጥቂት ገንዘብ ይዞ፣ የአስፈሪ ፊልም አፍቃሪዎች ከሚያደንቋቸው ተዋንያንና ፊልም ሠሪዎች ጋር ወደሚገናኙበት ጉባኤ መሄድ ፈልጓል። አባቱ ደግሞ «አንተን ከሬሳና ከደም ጋር ምን አገናኘህ? ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን የመጣነው ለጭራቅ እንድትሰለፍ ነው እንዴ?» ይለዋል። እናት አቀርቅራ ሳህን ታነሳለች። ልጁም አንዲት ቃል ሳይመልስ ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ያን ማታ ወንድሜ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «እኔ ተናግሬ ሰልችቶኛል። እስቲ አንተ አብረኸው ሂድና ተመልከተው። ክፉ ነው ካልከኝ ዳግመኛ አይሄድም፤ ክፉ አይደለም ካልከኝም ዝም እላለሁ» አለኝ። እኔም «እሺ ወንድም ጋሼ» አልኩ። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ ለወንድሜ የሰጠሁት ፍርድ ነው። ልጆቻችን ምን እንደሚወዱ ከማወቃችን በፊት ለምን እንደሚወዱት ሳንጠይቅ የምንፈርድ ወላጆችና ዘመዶች ብዙ ስለሆንን ለእናንተም ባካፍለው ይጠቅማል ብዬ አስቤአለሁ።

በቅድሚያ እነዚህ ጉባኤዎች ከየት እንደመጡ ባጭሩ እንመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፎረስት አከርማን የሚባል አሜሪካዊ በ1958 ስለ ጭራቅ ፊልሞች ብቻ የሚያወራ መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ። አንባቢዎቹ በአብዛኛው ልጆች ነበሩ፤ ኋላ የታወቀው ደራሲ እስቲቨን ኪንግም በልጅነቱ ከእነዚሁ አንባቢዎች አንዱ ነበር። አከርማን በሎስ አንጀለስ ያለ ቤቱን በጭምብሎች፣ በልብሶችና በፊልም ቅሪቶች ሞልቶት ስለነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ከፍቶ የማያውቃቸውን እንግዶች ሁሉ ያለ ክፍያ ያስገባ ነበር። ከዚያም ፋንጎሪያ የተባለው መጽሔት በ1979 ተመሠረተ፤ ከ1985 ጀምሮም በስሙ አንባቢዎችና ፊልም ሠሪዎች የሚገናኙባቸው የሳምንት መጨረሻ ጉባኤዎች ይካሄዱ ጀመር። ሞንስተር ማኒያ የተባለው በ2003፣ የቴክሳሱ ፍራይትሜር ደግሞ በ2006 ተከተሉ። እነሆ ዛሬ በየግዛቱ ባሉ ሆቴሎች አዳራሽ እየተከራየ የሚደረገው ዝግጅት ይህን ይመስላል። አከርማን በ2008 አረፈ። በነፃ ይከፈት የነበረው የአንድ ሰው በር ዛሬ ትኬት የሚቆረጥበት ገበያ ሆኗል። ይህን ልዩነት ልብ ይሏል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዙህር ሶላት በኋላ ከልጁ ጋር ወደ አዳራሹ ገባን። እውነቱን ለመናገር አስቀድሜ የፍርዴን ቃል አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ያየሁት ግን ካሰብኩት ጋር አልገጥም አለኝ። በግራና በቀኝ የጎማ ጭምብል፣ የፕላስቲክ መጥረቢያ፣ የተቀደደ ፊት የታተመበት ከናቴራ ይሸጣል። አንዱ ፊቱን በቀይ ቀለም ነክሮ ያልፋል። ነገር ግን የሚገፋፋ፣ የሚጮህ፣ የሚሰድብ ሰው የለም። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሆኖም ሰው ሁሉ በትዕግሥት ቆሟል። ልጇን በጋሪ ይዛ የተሰለፈች እናት ስትመጣ ከፊት ያሉት ቦታ ለቀቁላት። በጠረጴዛዎቹ ጀርባ የተቀመጡት «ጭራቆች» ደግሞ አብዛኞቹ ሽበታም ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በፎቶግራፍ ላይ ይፈርማሉ፤ የውሃ ጠርሙስ አጠገባቸው ተቀምጧል፤ አንዱ ወገቡን እያመመው በየጊዜው ይነሳል።

በዚህ ነጥብ ላይ ጉባኤው አንድ መልካም ሥራ ይሠራል ማለት አለብኝ። ልጅ ሳለ አልጋ ውስጥ ያንቀጠቀጠውን ፊት፣ ሰውየው አድጎ መጥቶ ከፊት ለፊቱ ሲያየው፣ ያ ፊት የሚያስነጥስና የልጅ ልጆቹን ፎቶ የሚያሳይ ሰው ሆኖ ያገኘዋል። ለምሳሌ በ1974 በወጣው የቴክሳስ የመጋዝ ፊልም ውስጥ የሰው ቆዳ ጭምብል ያጠለቀውን ገዳይ ሆኖ የሠራው ጉናር ሃንሰን፣ በአይስላንድ የተወለደ፣ ግጥምና መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ነበር። በ2015 እስካረፈበት ጊዜም በእነዚህ ጉባኤዎች ብዙ ሰው አግኝቶታል። እርሱን ያገኘ ሰው የገዳዩን ፊት ሲያስብ የጸሐፊውንም ፊት አብሮ ያስባል። ፍርሃትን ከሥሩ ገልጦ «ይኸውልህ፣ ሰው ነው» ማለት በራሱ ትምህርት ነው። የኛም እናቶች በጨለማ የፈራነውን ነገር መብራት አብርተው «ነጠላ ነው እኮ ልጄ» ይሉን አልነበረምን?

ሁለተኛው ጉዳይ ገንዘቡ ነው። የወንድሜን ልጅ የሳበው ጠረጴዛ ላይ «ፊርማ 40 ዶላር» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። መጀመሪያ ሳየው ደሜ ፈላ፤ ሽማግሌ ለስሙ 40 ዶላር! ኋላ ግን የነገሩን ታሪክ ሳስታውስ ቁጣዬ በረደ። ልጁ የሚወደው ፊልም ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 በፔንሲልቫንያ ግዛት፣ በፒትስበርግ አካባቢ የሠራው፣ ሙታን ተነስተው ሕያዋንን የሚያሳድዱበት በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ፊልም ነው። ሮሜሮና ባልደረቦቹ የማስታወቂያ ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች ነበሩ። 114,000 ዶላር ገደማ በሆነ ወጪ፣ ከተዋናይነት ባሻገር እየተሸከሙ፣ እየቀረጹ፣ ፊት እየቀቡ ሠሩት፤ ለደም የተጠቀሙበት የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። ፊልሙ መጀመሪያ ሌላ ርዕስ ነበረው። አከፋፋዩ ድርጅት ርዕሱን ሲለውጥ፣ ከርዕሱ ጋር ተጽፎ የነበረው የባለቤትነት መብት ማስታወቂያ አብሮ ወደቀ። በጊዜው የነበረው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ያ ምልክት ከሌለ መብቱ የለም ይል ነበር። ስለዚህ ፊልሙ የሁሉም ሆነ፤ የፈለገ እያባዛ ሸጠው፣ የፈለገ አሳየው። በዓለም ዙሪያ ገንዘብ ያስገኘው ሥራ ለደከሙበት ሰዎች የሚገባቸውን ሳያስገኝ ቀረ። እንግዲህ በስተርጅና ጠረጴዛ ዘርግተው የሚፈርሙበት ገንዘብ፣ ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ ያልተከፈለ የላብ ዋጋ ጭምር ነው። አድናቂውም ሲከፍል ምጽዋት አይሰጥም፤ ዕዳ ይከፍላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ካልኩ ዘንድ ያላማረኝንም ሳልሸሽግ ልናገር።

በዚያ አዳራሽ የገዳዩ ፊት በየጠረጴዛው ይሸጣል፤ የተገደለው ፊት ግን የትም የለም። ከናቴራ ላይ የሚታተመው መጥረቢያ የያዘው ነው። አሻንጉሊት ሆኖ የሚታሸገው እርሱ ነው። በመጨረሻው ደቂቃ እየጮኸች የሞተችውን ልጅ ስም የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ይህ በልብ ወለድ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። ነገር ግን ከላይ የጠቀስኩት የ1974 ፊልም እውነተኛ ታሪክ ነው ተብሎ ማስታወቂያ ተሠርቶለታል። እውነቱ፣ ታሪኩ ፈጠራ ሆኖ፣ በ1957 በዊስኮንሲን ግዛት ከተያዘ አንድ እውነተኛ ነፍሰ ገዳይ ሥራ ጥቂት ነገር የወሰደ ነው። ያ ሰው የገደላቸው ሴቶች ቤተሰብ ነበራቸው። የሰው ሐዘን ሦስት ጊዜ ተገልብጦ አሻንጉሊት ሲሆን፣ ሻጩም ገዢውም መነሻውን አያስቡትም።

ሌላም አለ። ቶም ሳቪኒ የተባለው የታወቀ የቁስልና የደም ሜካፕ ባለሙያ በፒትስበርግ የተወለደ ነው፤ ሮሜሮ በ1978 ያወጣውን ተከታይ ፊልምና በ1980 የወጣውን «ዓርብ 13» ያስጌጠው እርሱ ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ በቬትናም ጦርነት የጦር ሜዳ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። እዚያ ያየው እውነተኛ ሬሳ በሥራው ውስጥ እንዳለ ራሱ ተናግሯል። እኔ በሄድኩበት ቀን በአዳራሹ መድረክ ላይ አንድ የሜካፕ ባለሙያ ጥያቄ ሲቀበል ሰማሁ። የተጠየቀው ሁሉ «ቁስሉን ከምን ሠራኸው? ደሙን በምን ቀለም በጠበጥከው?» የሚል ነው። አንድም ሰው «እንዲህ ያለ ነገር በዓይንህ አይተህ ታውቃለህ ወይ?» አላለውም። ጦርነት ካለበት አገር የመጣን ሰዎች ይህን ጥያቄ ሳንጠይቅ መቀመጥ አይሆንልንም። ለኛ ሬሳ የቸኮሌት ሽሮፕ አይደለም። እዚያ ለተሰበሰቡት ብዙዎች ግን ሞት ገና በሩቅ ያለ ነገር ስለሆነ መጫወቻ ሊያደርጉት ችለዋል። ልቤ ያዘነው በዚህ ነው።

ወደ ልጆች እንምጣ። በጃንዋሪ 1969 ሮጀር ኢበርት የተባለው የቺካጎ የፊልም ሐያሲ ከላይ ያወራንለትን የሮሜሮን ፊልም በአንድ የሰፈር ሲኒማ ከልጆች ጋር ሆኖ ማየቱን ጻፈ። በቀን ትርኢት ነበር። ወላጆች የተለመደው ቀልድ ቢጤ የጭራቅ ፊልም መስሏቸው ልጆቻቸውን በር ላይ አውርደው ሄደዋል። ፊልሙ እየገፋ ሲሄድ ሳቁ ቀረ። ኢበርት ከእርሱ ማዶ ስለተቀመጠችና ሳትንቀሳቀስ ስለምታለቅስ አንዲት ትንሽ ልጅ ጽፏል። በአሜሪካ ፊልሞችን በዕድሜ የሚለየው ምደባ ሥራ ላይ የዋለው በኖቬምበር 1968፣ ፊልሙ ከወጣ ከአንድ ወር በኋላ ነበር። ያ ጽሑፍ ዛሬም ቢነበብ ክሱ በዋናነት በፊልሙ ላይ ሳይሆን፣ ልጅን ለጨለማ አዳራሽ ትቶ በሚሄድ አዋቂ ላይ እንደሆነ ይገባናል።

እኛስ? በልጅነታችን በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ገብተን የማናውቀውን ቋንቋና የማንረዳውን ደም ተመልክተን ስንመለስ፣ ወላጆቻችን «የት ነበራችሁ?» ይሉን ነበር እንጂ «ምን አያችሁ?» ያለን አልነበረም። ዛሬ ደግሞ ቪዲዮ ቤቱ በየልጁ ትራስ ሥር ገብቷል። ወንድሜ ልጁን ወደ ጉባኤው እንዳይሄድ ከለከለ፤ ስልኩን ግን ራሱ ነው የገዛለት። ልጁ ያን ፊልም ያየው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ብቻውን፣ በብርድ ልብስ ውስጥ ነው። በአዳራሹ ያየኋቸው ብዙ አባቶች ግን ከልጆቻቸው ጋር ቆመው፣ «ይህ እንዲህ ተሠራ፣ ያ እውነት አይደለም» እያሉ ያስረዱ ነበር። ትንንሾቹን እዚያ ማምጣታቸውን አልደግፍም፤ የአምስት ዓመት ሕፃን የተቆረጠ ጭንቅላት መሃል ምን ይሠራል? ነገር ግን አብሮ መቆማቸው እኛ ያጣነው ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሰልፍ ላይ ሳለን ልጁን፣ «ከፊልም ሁሉ ይህን ለምን ወደድክ?» አልኩት። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ለመናገር ጊዜ አገኘ።

«አጎቴ፣ በዚያ ቤት ውስጥ አእምሮ ያለው እርሱ ብቻ ነው» አለኝ። «በሩን የሚቸነክረው፣ የፈራችውን ሴት የሚያረጋጋው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚዋጋው ጥቁሩ ሰውዬ ነው። ሙታኑን ሁሉ አሸንፎ ጠዋት ላይ ለማዳን የመጡት ሰዎች በመስኮት ሲያዩት ተኩሰው ይገድሉታል። ማን እንደሆነ እንኳ አይጠይቁትም። እኔ የፈራሁት ሙታኑን አይደለም።»

ወላሂ፣ የምመልሰው ጠፋኝ።

ያ ተዋናይ ዱዌን ጆንስ ይባላል። ለዚያ ቦታ የተመረጠው ከቀረቡት ሁሉ የተሻለ ስለሆነ እንጂ ድርሰቱ ጥቁር ሰው ስለጠየቀ እንዳልሆነ ሮሜሮ በተደጋጋሚ ተናግሯል። ፊልሙ ተጠናቅቆ ወደ ኒው ዮርክ በመኪና ይዘውት ሲጓዙ የማርቲን ሉተር ኪንግን መገደል በሬዲዮ እንደሰሙም አውስቷል፤ ኤፕሪል 4፣ 1968 መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ያችን የመጨረሻ ትዕይንት አሜሪካ እንደ ተራ የጭራቅ ተረት ሊያያት አልቻለም። ጆንስ ኋላ በመምህርነትና በቴአትር አዘጋጅነት ሠርቶ በ1988 አረፈ። ዛሬ በየሆቴሉ የሚዘረጋውን ጠረጴዛ፣ እርሱን ለማመስገን ሊሰለፍ ይችል የነበረውን ሕዝብ አላየም። በ1999 ፊልሙ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በሚመራው የብሔራዊ ፊልሞች መዝገብ ውስጥ ሲገባም እርሱ አልነበረም።

ተራችን ደረሰ። በጠረጴዛው ጀርባ የነበሩት በዚያ ፊልም ውስጥ ከሙታኑ አንዱ ሆነው ያለፉ አንድ አዛውንት ናቸው። ልጁ 40 ዶላሩን ከሰጠ በኋላ ስሙን እንዲጽፉለት ሲጠይቁት፣ «ፊርማውን ከመጻፍዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት» አለና ለኔ የነገረኝን ደገመላቸው። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽማግሌው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ቀና ብለው ልጁን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። «ይህን ለእናትና አባትህ ነግረሃቸዋል?» አሉት። «አልነገርኳቸውም» አለ። ሊቀጥሉ ሲሉ አጠገባቸው ቆማ ገንዘብ የምትሰበስበው ወጣት «ቀጣይ!» ብላ ተጣራች። ሦስት ደቂቃ አልሞላም ነበር። ሽማግሌው ፈርመው፣ እጁን ጨብጠው ሸኙት።

ስለ ጉባኤው የምሰጠው ፍርድ ያችን «ቀጣይ» በምትል ቃል ውስጥ አለ። አዳራሹ ሰውን ከሰው ያገናኛል፤ ይህን አልክድም። ግን ያገናኘውን መልሶ በደቂቃ እየቆረጠ ይሸጠዋል። ልጅ ዓመት ሙሉ ያመቀውን ነገር ሲያወጣ ከኋላው የቆመው ሰልፍ ይገፋዋል። አከርማን ቤት ቢሆን ምናልባት ወንበር ይሰጠው ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ በመሰብሰባቸው አይደለም፤ ጥፋቱ ልጁ ይህን ቃል የሚሰማው ጆሮ ፍለጋ 40 ዶላር ይዞ እስከዚያ ድረስ መሄዱ ነው። ለዚህ ደግሞ ተጠያቂው ሆቴሉም ፊልም ሠሪውም አይደለም።

እኛ ሙስሊሞች ፍርሃት ባለቤት አለው ብለን እናምናለን፤ ከሁሉ በላይ የሚፈራው አላህ ነው። ውዴታም ልክ አለው፤ ሰውን ስለ ሥራው ማክበርና ሰውን ከሰውነቱ በላይ ማግዘፍ አንድ አይደሉም። በአዳራሹ ሁለተኛውንም አይቻለሁ፤ የተዋናይን ፊት በክንዱ ላይ ያስነቀሰ፣ ሊነካው ሲል የሚያለቅስ ነበር። ይህን ለልጆቻችን ልንነግራቸው ይገባል። ሆኖም ከመንገራችን በፊት መስማት ይቀድማል። ያልተሰማ ልጅ ምክርን እንደ ግድግዳ ያየዋል።

ቤት ስንደርስ መሽቶ ነበር። ወንድሜ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። «እህ፣ ምን አየህ? ክፉ ነው ወይስ አይደለም?» አለኝ። «ወንድም ጋሼ፣ እኔን አትጠይቀኝ። ጠዋት ላይ ስለሚገደለው ሰውዬ ልጅህን ጠይቀው» አልኩትና ወደ ውስጥ ገባሁ። ከመግሪብ በኋላ የጀመሩት ወሬ እስከ ዒሻ አላለቀም። እኔ በመስኮት የሰማሁት ጥቂቱን ነው። ወንድሜ ማታ ከሥራ ሲመለስ ፖሊስ መኪናውን ባስቆመው ቁጥር እጁን መሪው ላይ አድርጎ ምን እንደሚያስብ ለልጁ ሲነግረው ሰማሁ። ይህን ለሚስቱም ነግሮ የሚያውቅ አይመስለኝም።

በማግስቱ ፊርማው ያለበት ፎቶግራፍ ሳሎን ውስጥ አልተሰቀለም፤ እናትየው አልፈቀደችም፤ ልጁም አልተከራከረም። መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤው ሲመለስ አብሮት የሚሄደው አባቱ እንደሚሆን ነግሮኛል። ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ጭራቅ ወደደ ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት፣ በዚያ ታሪክ ውስጥ ራሱን የት እንዳየ ጠይቁት። መልሱ ሊያሳዝናችሁ ይችላል፤ ግን ከእናንተ ቤት እንጂ ከአዳራሽ መገዛት የለበትም። ወላሁ አዕለም።